ፎቶው ጅማ ሳይደርስ

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ መንደራ ነው። አሁን ሃንጋሪ፣ ደብረጸን በምትባል ከተማ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት የሃንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ማደሪያ አለኝ፤ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጡኛል፤ ወደ ዩሮ ሲመነዘር መቶ እና ትንሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን አጥባለሁ። ከእሱ ላይ እየቆጠብኩ በየሁለት ወሩ ለእማዬ 50 ዩሮ እልካለሁ፤ ለኢድ ደግሞ ትንሽ ጨምሬ ልኬላታለሁ።

«ለፈረንጆቹ ፋሲካ ዕረፍት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በአቅራቢያችን ወዳሉ አገሮች ልንሄድ አስበናል። በአራት ቀን የኦስትሪያዋን ቪየናን፣ የቼኳን ፕራግንና የስሎቫኪያዋን ብራቲስላቫን አይተን እንመለሳለን። ለዚህ 280 ዩሮ አስቀምጫለሁ። ችግሩ ቤት ነው። እማዬ ሄርማታ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፤ ባለፈው ሳምንት ጎማ መቀየሪያ አጥቶ ቆሜያለሁ ብሎ ደወለልኝ። ብር የለኝም አልኩት። ለእማዬ ደግሞ በዕረፍቱ ትምህርት አለኝ ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጓደኞቼ ፎቶ መለጠፋቸው አይቀርም፤ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቲክቶክ ላይ የማታየው ነገር የለም። ገንዘቡን ለወንድሜ ልኬ ልቅር? ወይስ ሄጄ ዝም ልበል? የመኖሪያ ፈቃዴንም ለማሳደስ ባለፈው ወር አስገብቻለሁ፤ ወጪው በዝቶብኛል። ይምከሩኝ።

«እንቅልፍ ያጣችው፣ ከደብረጸን»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤ ላይ የቀሩት እናትሽና የወንድምሽ ጎማ ናቸው። ሁለተኛ ሳነበው ግን መጨረሻ ላይ በግማሽ መስመር ሸርተት አድርገሽ ያለፍሻት ነገር አስደነገጠችኝ። የመኖሪያ ፈቃድሽ። አንቺ ከወጪ ቆጥረሽ አልፈሻታል፤ እኔ ግን ከእሷ ነው የምጀምረው፤ እሷ ካልተስተካከለች የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

አሁኑኑ ካርድሽን ከቦርሳሽ አውጪና የሚያበቃበትን ቀን እዪ። ቀኑ እስካላለፈ ድረስ ካርዱ ከፓስፖርትሽ ጋር ሆኖ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች፣ ማለት እርስ በርስ የድንበር ፍተሻ አስቀርተናል ባሉት የአውሮፓ አገሮች፣ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ያዘዋውርሻል፤ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን። ኦስትሪያም፣ ስሎቫኪያም፣ ቼክም ሸንገን ውስጥ ናቸው። ግን ካርዱ እድሳት ላይ እያለ ቀኑ ካለፈ በእጅሽ የሚቀረው ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ሃንጋሪ ውስጥ ተረጋግተሽ እንድትቆዪ እንጂ ድንበር እንድትሻገሪ የተሰጠ አይደለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አይደለም።

«ባቡር ውስጥ ማን ይፈትሻል?» የሚልሽ ጓደኛ አይጠፋም። ይፈተሻል። ኦስትሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃንጋሪ በኩል ባለው ድንበሯ ላይ ቁጥጥር መልሳለች፤ ፖሊስ ባቡር ውስጥ እየዞረ ወረቀት ያያል። አራት ሆናችሁ ስትቀመጡ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም፤ ሁለት ዓመት ኖረሽበታል። ስለዚህ የካርዱ ቀን የምትመለሺበትን ቀን የሚያልፍ ከሆነ ሂጂ። የማያልፍ ከሆነ ቲኬቱ ተገዝቶም ቢሆን ይቅር፤ አዲሱ ካርድ ሲመጣ በጋ ላይ ትሄጃለሽ። ጥርጣሬ ካለሽ የዩኒቨርሲቲሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ እንጂ የተማሪዎች ቴሌግራም ላይ አትጠይቂ፤ እዚያ ሁሉም ጠበቃ ነው። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናውን ፓስፖርት ያዢ።

ካርዱ ደህና ነው እንበልና ወደ እንቅልፍሽ እንምጣ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ተማሪ ነበርኩ፤ ላይፕዚግ፣ ሄርደር በሚባለው ተቋም ቋንቋውን ተምረን ነበር ወደየትምህርታችን የምንበተነው። በ1977 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለሦስት ቀን ፕራግ ሄድን። ከላይፕዚግ በድሬስደን በኩል፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ባቡር ነው። ዓመቱን ልብ በዪው። ሰሜኑ በረሃብ ያለቀበት ዓመት ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ከወሎ ሰፋሪ በመኪና እየተጫነ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እናቴ ቆሎ ቆልታ ከጎረቤት ጋር ይዛ እንደወጣች ጽፋልኛለች፤ ማለት አስጽፋልኛለች፣ ራሷ አትጽፍም ነበር። ያን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው ፕራግ ድልድይ ላይ ቆሜ ፎቶ የተነሳሁት። እንዴት ብዬ ነው ሽርሽር ሄድኩ የምላት? ዝም አልኩ።

ከዓመት በኋላ አንዱ ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሰላምታ እንዲያደርስልኝ ወደ እናቴ ላክሁት። ቡና ተፈላለት፣ ተጫወቱ። ልጄ ወፍሯል ወይ፣ ከስቷል ወይ ስትለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አልበሙን ከሻንጣው መዥረጥ አድርጎ ያን ፎቶ ሰጣት! በክፋት አይደለም፤ እኔ እንደደበቅኩ በምን ያውቃል?

ሦስት ወር ፈራሁ። ደብዳቤዋ ሲመጣ ሳልከፍተው አንድ ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት። እንዲህ ይላል፦ «ፎቶህ ደርሶኛል። ድልድዩ ያምራል። አጠገብህ ኮከብ ደፍቶ የቆመው ሰውዬ ማን ነው? ኮትህ ቀጭን ነው። ከሰው እጅ ከማየው አንተ ብትነግረኝ ደስ ባለኝ።» ይኸው ነው። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል የለም። ስለ ረሃቡ አንድ ቃል የለም።

ኮከብ የደፋው ሰውዬ ማን እንደሆነ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ዮሐንስ ኔፖሙክ የሚባል ቄስ ነው፤ በ1393 እ.ኤ.አ. ንጉሡ አስሮ ከዚያ ድልድይ ወንዝ ውስጥ አስጥሎታል። በአፈ ታሪካቸው የንግሥቲቱን ኑዛዜ አላወጣም ብሎ ነው የሞተው፤ ምስጢር ጠባቂ ይሉታል፤ ሐውልቱ ከነሐስ ነው። እንግዲህ እኔ ምስጢሬን ይዤ ሄጄ ከምስጢር ጠባቂው እግር ሥር ፎቶ ተነስቼ ነው የተጋለጥኩት።

አንቺ ዘንድ ደግሞ አልበም ይዞ እስኪመጣ ዓመት አይፈጅም። የአክስትሽ ልጅ አለችልሽ። ቪየና ቁርስ በልተሽ ሳትጨርሺ መንደራ ይሰማል፣ ከምሳ በፊት ሄርማታ ይደርሳል፣ በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ልጅሽ አውሮፓን እየዞረች ነው አሉ» ይላቸዋል። እናትሽ ደግሞ ትምህርት ላይ ናት ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። ያቺን ሰዓት አስቢያት። ያንን ፊት ለፊት ገበያ ላይ ተቀምጦ መስማት ነው የሚያመው፤ 280 ዩሮው አይደለም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እናትሽ ሰሃን እንደምታጥቢ ያውቃሉ? ደብዳቤሽ ላይ እንደነገርሻቸው አይታይም። ብገምት፣ «ስኮላርሺፕ ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰጡናል» ብለሻቸዋል። እንዳይጨነቁ ነው፤ ገባኝ። ግን ያመጣብሽን ጣጣ እዪው። ሌሊት ስድስት ሰዓት እጅሽ በሳሙና ተልጦ ማደሪያሽ መግባትሽን ስለደበቅሽ አሁን አራት ቀን ማረፍሽንም መደበቅ ግድ ሆነብሽ። ድካሙን ያላየ ሰው ዕረፍቱን ሲያይ ምን ይበል? ወንድምሽም ያው ነው። ለእሱ አንቺ ዶላር ከግድግዳ ሳጥን የሚወጣበት አገር ያለሽ እህት ነሽ፤ ሌላ ነገር አልነገርሽውማ። «ብር የለኝም» ስትዪው አላመነሽም፤ ደግሞም እውነትሽን አልነበረም።

ስለዚህ መልሴ ሂጂ ነው። ግን ደውለሽ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነግረሽ። ሽርሽሩን ብቻ ከነገርሽ ቅንጦት ነው፤ ሰሃኑን ብቻ ከነገርሽ እናትሽን ታስለቅሺያለሽ። «እማዬ፣ ልነግርሽ የሚገባ ነገር ነበረ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት እሠራለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ፣ ደህና ነኝ። የምልክልሽም ከእሱ ነው። ከእሱው ላይ ቆጥቤ ለአራት ቀን ጎረቤት አገር ከጓደኞቼ ጋር ልሄድ ነው። ትምህርት አለኝ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በዪኝ።» በቃ። አስፈቅጂ አላልኩሽም፤ አስታውቂ ነው ያልኩሽ። ከተቆጡ ይቆጡ፤ የእናት ቁጣ ስልኩ ሳይዘጋ ወደ ምርቃት ይዞራል። አንድ ነገር ብቻ፦ «ሁሉም ተማሪ ይሄዳል» አትበዪ። ሰበብ ስትደረድሪ ያኔ ነው ጥፋት የሚመስለው።

የጎማው ጉዳይ ይለያል። ጎማ ስላለቀ ሽርሽር አይቀርም፤ ይኼኛው ተቀይሮ ከጥቂት ወር በኋላ ሌላው ያልቃል፤ ከዚያ ፍሬኑ ይመጣል። በጎማ ከጀመርሽ አራት ዓመት ከደብረጸን ሳትወጪ ትመረቂያለሽ። ወንድምሽ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው፤ ምስኪን አታድርጊው። ግን ደግሞ የዋሸሽው እሱን ነውና ባዶ እጅሽን አትደውዪለት። ከየት አምጥቼ ካልሽ እነግርሻለሁ፦ ፕራግን ሰርዢ።

አዎ፣ ፕራግን ተዪ የምልሽ እኔ ነኝ፣ ፎቶዬ ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሎ። ሒሳቡን እንሥራው። ከደብረጸን ቡዳፔስት ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ከቡዳፔስት ኬለቲ ጣቢያ ቪየና ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ። ከቪየና ፕራግ አራት ሰዓት። ከፕራግ ብራቲስላቫን ነክቶ ቡዳፔስት መመለስ ሰባት ሰዓት ገደማ፤ ከዚያ እንደገና ደብረጸን። ጣቢያ ላይ መጠበቁን ጨምሪበት፤ ከአራቱ ቀን አንዱ ሙሉ ቀን ባቡር ውስጥ አለቀ። የቀሩትን ሦስቱን ለሦስት ከተማ ስታካፍያቸው የምታዪው ጣቢያና የጀርባ ቦርሳ ነው። ቤትሽ ስትመለሺ ፎቶ ይኖርሻል፤ የቱ የቱ ከተማ እንደሆነ ግን ጓደኛሽን ትጠይቂያለሽ። ሦስት ሌሊት ቪየና እደሩ። ብራቲስላቫን ካማራችሁ ከቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ፣ ዳኑብ ላይ ቁልቁል ከሚያየው ቤተ መንግሥት ወጥታችሁ፣ ማታ ትመለሳላችሁ። ከፕራግ የሚተርፈው የባቡርና የአልጋ ሒሳብ የጎማ ግማሽ አይጠፋውም። ግማሹን ላኪ፤ ግማሹን እሱ ይሙላ። ጓደኞችሽ እምቢ ካሉ እነሱ ይሂዱ፣ አንቺ ከቪየና ተመለሺ፤ አንዷን ግን አስቀርተሽ አብራችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ሌላም ነገር። ያ ከቡዳፔስት ቪየና የሚሄደው ባቡር ድንበሩን ሲያልፍ ለአንድ ደቂቃ ስልክሽን አስቀምጪና በመስኮት እዪ። ሜዳ ነው፣ ምንም የለም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚሽከረከር ብቻ ታያለሽ። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ እዚያ ላይ የኤሌክትሪክ አጥር ነበረ። አብረውኝ የሚማሩት ጀርመኖች ለዕረፍት ሃንጋሪ ድረስ መምጣት ይችሉ ነበር፤ ከዚያች መስመር ወዲያ ግን አይታሰብም። ሃንጋሪ ድንበሩን ለእነሱ የከፈተችው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 1989 ነው፤ በእኛ መስከረም 1 ቀን 1982፣ በእንቁጣጣሽ። እኔ ያኔ ጅማ ገብቼ ሥራ ይዣለሁ። ዜናውን በሬዲዮ ሰምቼ የክፍል ጓደኞቼን ፊት አንድ በአንድ አሰብኩ። አንቺ ያን መስመር ቡና እየጠጣሽ ታልፊዋለሽ።

ቡና ካነሳን አይቀር። እኔ ቪየናን ያየኋት በእርጅናዬ፣ ለሥራ ሄጄ ሁለት ቀን ተርፎኝ ነው። የቡና ቤቶቻቸውን ስም ሰምቼ ነበርና የጅማ ሰው ሆኜማ ሳልገባ አልወጣም አልኩ። የቀለጠ አዳራሽ ነው፤ ጣራው ሩቅ፣ ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ ጋዜጣው በእንጨት ዘንግ ታስሮ ተሰቅሏል። አስተናጋጁ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከእኔ በላይ የተከበረ ሰው ይመስላል። ወተት ያለበትን፣ ሜላንዥ የሚሉትን አዘዝኩ። በትንሽ የብር ትሪ መጣ፤ ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ብርጭቆው አፍ ላይ ደግሞ ማንኪያዋ በጀርባዋ ተጋድማለች። ጠጣሁት። ጥሩ ነው፤ የእናቴን አያህልም። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ቁጭ ብዬ ቶናውን ጠበቅኩ። አቦል ተጠጥቶ ማን ተነስቶ ይሄዳል? ቶናውም አልመጣ፣ ሒሳቡም አልመጣ። ሰውዬው በአጠገቤ እያለፈ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ለካ አገራቸው ደንቡ እንደዚያ ነው፤ አንድ ስኒ አዘሽ ግማሽ ቀን ብትቀመጪ ማንም ተነሺ አይልሽም፣ ሒሳብም እስክትጠይቂ አያመጡም። ስኒው አምስት ስድስት ዩሮ ነው፤ ለአንቺ የግማሽ ቀን ሰሃን ባይሆንም የብዙ ሰሃን ዋጋ ነው። ቢሆንም አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ ገብተሽ ተቀመጪ። ስለ ወንበር ኪራይ እንደከፈልሽ ቁጠሪው።

እነሱ ቡናን ያወቅነው ቱርኮች በ1683 እ.ኤ.አ. ከተማችንን ከበው ሲሸሹ ትተውት ከሄዱት ጆንያ ነው ብለው ያወራሉ። ጥሩ ተረት ነው። በመዝገብ የሚታወቀው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1685፣ ዮሐንስ ዲዮዳቶ የሚባል አርመናዊ ቡና የመሸጥ ፈቃድ ማግኘቱ ነው። ስለ ጆንያው ሲነግሩሽ አዳምጪ፤ ከዚያ ጆንያው ውስጥ ያለው ከየት እንደመጣ አንቺ ንገሪያቸው። ጎማ ወረዳ ጮጬ የሚባል ቦታ አለ፣ የእኛ ሰው ቡና የተገኘው እዚያ ነው ይላል፤ ከፋዎች ደግሞ አይ እኛ ጋ ነው ይላሉ፤ ይሄን ክርክር ለኦስትሪያውያን አታስገቢባቸው። ፍሪድሪሽ ቢበር የሚባል የቪየና ሰው ግን በ1905 እ.ኤ.አ. እስከ ከፋ ዘልቆ፣ ስለ ሕዝቡ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። ከዚያ ከተማ ወደ እኛ የመጣ ሰው አለ፤ አንቺ መልሱን ብትሄጂ ምን ነውር አለው?

ስለ ወጪ ከጠየቅሽኝ፣ ውኃ አትግዢ። የቪየና የቧንቧ ውኃ ከአልፕስ ተራራ ምንጭ በመስመር የሚመጣ ነው፤ ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የላስቲክ ጠርሙስሽን ይዘሽ ከየአደባባዩ ቧንቧ ቅጂ። እሁድና የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦና እርጎ ካልገዛሽ ሁለት ቀን በሬስቶራንት ዋጋ ትበያለሽ፤ ያኔ የጎማው ግማሽ እዚያው ቀረ። ትልልቆቹ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ያሉት ሱቆች ክፍት ናቸው፣ ግን ሰልፍ አለ። ሥጋው አሳስቦሽ እንደሆነ አይዞሽ፣ ከተማው ቱርክ የሞላበት ነው፤ ብሩነንማርክት የሚባለው የጎዳና ገበያ ሂጂ፣ ሐላልም አለ፣ ዋጋውም ከመሐል ከተማው ይሻላል። ደግሞም ከሰው ጩኸቱ የተነሳ ሄርማታ ትዝ ይልሻል።

ሜትሮው በር የለውም፤ ዘው ብለሽ ትገቢያለሽ። ያ ነው ወጥመዱ። የወረቀት ቲኬት ከሆነ መግቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከተሽ ማኅተም ማስመታት አለብሽ። ተቆጣጣሪዎቹ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ለብሰው ከጎንሽ ይቀመጣሉ። ቅጣቱ ከ100 ዩሮ በላይ ነው፤ ረስቼ ነው ብሎ ማልቀስ አይሠራም፤ አብሮኝ የሄደ የሥራ ባልደረባዬ ሞክሮታል።

ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ውስጥ ለመግባት ዋጋው ውድ ነው። ክፍሉ 1,441 ነው ይላሉ፤ የሚያሳዩሽ ጥቂቱን ነው። አትክልት ስፍራው ግን ነፃ ነው፤ ከጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ውጪና ከተማውን ቁልቁል እዪ፣ ለእኔ ከውስጡ የሚሻለው እሱ ነው። (በነገራችን ላይ ጅሬን ወጥተሽ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይተሻል? የመንደራ ልጅ ሆኖ ያላየ ስንት አለ መሰለሽ። ክፍሉ 1,441 አይሞላም፣ የእንጨት ሥራው ግን ከአንዳቸውም አያንስም።) የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ደቡባዊ ግንብ 136 ሜትር ነው፤ 343 ደረጃ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ለእኔ ጉልበት አልሆነም፣ ለአንቺ ይሆናል። ኦፔራ ቤቱም ቆሞ የሚታይበት ርካሽ ቲኬት አለው፤ ባይገባሽም ሕንፃውን ታይበታለሽ።

ፎቶውን በተመለከተ። ከተነሳሽው ሁሉ የመጀመሪያው ለእናትሽ ይሂድ፤ ለሌላ ለማንም ከመለጠፍሽ በፊት። የአክስትሽን ልጅ ደግሞ አትፍሪያት፣ ቅጠሪያት! «አንቺ ነሽ ለእማዬ የምታሳዪያት» ብለሽ በየቀኑ ሁለት ፎቶ ላኪላት፤ ወሬ አቀባይ የነበረችው መልእክተኛ ስትሆን አፏ በኩራት ይያዛል። እናትሽም «ልጅሽ አውሮፓን እየዞረች ነው አሉ» ሲባሉ «አዎ፣ ነግራኛለች፣ እዪ ይኸው» ብለው ስልኩን ከመሶቡ ሥር ያወጣሉ። የምግብ ቤቱን ኩሽናም፣ ሽርጥሽን እንዳሰርሽ፣ አንድ ቀን አንሺና ላኪላቸው። ከቪየናው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ደብረጸን ስላልሽው ከተማ ደግሞ ሳልናገር አልቀርም፦ ደብዳቤሽን ስከፍት ስሙን አይቼ ገዳም የገባሽ መስሎኝ ነበር። እናትሽ ለጎረቤት ሲናገሩ ስንቱን ግራ አጋብተው ይሆን?

ካርዱን ዛሬ እዪው። ደህና ከሆነ ነገ ማታ ለእናትሽ ደውዪ፤ ወንድምሽም ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ሁለቱም ይስሙሽ። ነገ ሐሙስ ከሆነ ግን ለዓርብ አሳልፊው፤ ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ነው፣ ደክሟቸው ነው የሚገቡት።